የድሉ ቀን ዘፈን ከተውሶ፦ የ«ዘ ቪክተርስ» ማርሽ የጉዳይ ጥናት

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

«ለትምህርት ቤታችን መዝሙር ሥራልን» የሚል ጥያቄ ለሙዚቃ ሰው አዲስ አይደለም። ኮሚቴ ይቋቋማል። ግጥም ይወዳደራል። ዜማ ይሠራለታል። በምረቃው ቀን ሁሉም ቆሞ ይዘምረዋል፤ ግማሹ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ። በዓመቱ መዝሙሩ የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ የማቀርበው ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማንም ያላዘዘው፣ ኮሚቴም ያላየው ማርሽ ነው፤ ለሰልፍ የሚሆን የባንድ ሙዚቃ ማለቴ ነው። አንድ ተማሪ በራሱ ተነሳሽነት ጻፈው። ከ125 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም በየጨዋታው ደጋግሞ ይሰማል። ነገሩ ውስጥ ዕድል አለበት። ዕድል ያልሆነ ነገርም አለበት፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ማርሹ «ዘ ቪክተርስ» ይባላል፤ ድል አድራጊዎቹ እንደማለት ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ነው። የደራሲው ስም ኖታው ላይ ታትሟልና አልደብቀውም፤ ሉዊስ ኤልበል ይባላል። ከዚህ በኋላ ግን «ተማሪው» እለዋለሁ። ከታወቁ የኪነ ጥበብ ሰዎችና ከሁለት መሪዎች በቀር ሌሎቹንም በስም አልጠራም። ጥናቱ የአንድ ሥራ ጉዞ እንጂ የሰዎች ታሪክ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራው

ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አሜሪካ ውስጥ አን አርበር በምትባል ከተማ ይገኛል። በ1890ዎቹ የአሜሪካን ፉትቦል፣ ኳሷን በእጅ ይዞ እየሮጡ የሚጫወቱት፣ በዚያ አገር የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ገና አልነበረም። ስለዚህ ትልቁ ፉክክር፣ ትልቁ ጩኸት፣ ትልቁም ኩራት በተማሪዎች ዘንድ ነበር።

በ1896 በመካከለኛው ምዕራብ ያሉ ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ «የምዕራቡ ኮንፈረንስ» ይሉት ነበር። አሁን «ቢግ ቴን» የሚባለው ነው። ሚሺጋንም ቺካጎም አባላት ነበሩ። በመካከላቸውም የከረረ ፉክክር ነበር።

ኖቬምበር 24 ቀን 1898 ሁለቱ ቡድኖች ቺካጎ ከተማ ላይ ተገናኙ። ቀኑ የአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ነው። በእኛ ዘመን ቆጠራ ኅዳር 1891 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከአድዋ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም። አሸናፊው የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ይሆናል። ሚሺጋን እስከዚያች ቀን አልተሸነፈም። ይህችን ዋንጫ ግን በልቶ አያውቅም።

ጨዋታው በአንድ ነጥብ ልዩነት ነው ያለቀው፤ 12 ለ 11። በጊዜው ኳሷን ይዞ መስመር ማለፍ 5 ነጥብ፣ ከዚያ የሚመታው ምት ደግሞ 1 ነጥብ ነበር። አንዲቱ የመጨረሻ ምት ብትስት ታሪኩ ሌላ ነበር ማለት ነው። አንድ የሚሺጋን ተጫዋች ኳሷን ይዞ 65 ያርድ፣ 60 ሜትር ገደማ፣ ሮጦ ያስቆጠረው ነጥብ እስከ ዛሬ ይወራል። ቡድኑ የዓመቱን ጨዋታ 10 ተጫውቶ 10 አሸንፎ ጨረሰ።

ሌላም ዳራ አለ። ዘመኑ የማርሽ ዘመን ነበር። ጆን ፊሊፕ ሱዛ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦርን ባንድ ትቶ በ1892 የራሱን አቋቁሟል። በየከተማው እየዞረ ያሳያል። ማርሽ ደግሞ ለወታደር ብቻ አልነበረም። ሰው በዳንስ አዳራሽ ይደንስበታል። ኖታው ለፒያኖ እየተዘጋጀ በየመደብሩ ይሸጣል። ፒያኖ ያለበት ቤት ሁሉ ማርሽ አለ ማለት ይቻላል። የሙዚቃ ተማሪ የሆነ ልጅ ጆሮው በዚህ ድምፅ ተሞልቶ ነው የሚያድገው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ሚሺጋን የራሱ የተማሪዎች ባንድ ነበረው። የተቋቋመው በ1896 ነው፤ በዚያ ድል ጊዜ ገና ጨቅላ ነበር።

ችግሩ

ድሉ እንደተበሰረ ደጋፊው ባንዱን ተከትሎ መንገድ ወጣ። በጨለማ እየጮኸ እየጨፈረ ይሄዳል። ባንዱስ ምን ይጫወታል? «ዘ ሆት ታይም» እያሉ በአጭሩ የሚጠሩትን ዘፈን። ዘፈኑ በ1896 የወጣ የመድረክ ዘፈን ነው። በ1898ቱ የአሜሪካና የስፔን ጦርነት ወታደሩ ሁሉ አፉ ላይ ነበር። ሞቅ ያለ፣ ለጭፈራ የሚመች፣ በቃ የመንደር ዘፈን ነው። የሚሺጋን ነው የሚያሰኘው አንድም ነገር የለውም። ቺካጎ ቢያሸንፍ ኖሮ የቺካጎ ባንድም ይኸንኑ ሊጫወት ይችል ነበር።

ተማሪው ከሰልፉ መሐል ነበር። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ነገሩ ድንገት ነው የቆረቆረው። እንዲህ ያለ ድል ከዚያ ዘፈን የተሻለ ክብር ይገባዋል አለ። ደስታው ሳይበርድ የጎደለውን ነገር ማየት መቻሉ ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ሰው ሲደሰት አይመዝንም። እሱ መዘነ።

«ትምህርት ቤቱ መዝሙር አልነበረውም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነበረው። «ቢጫና ሰማያዊ» የሚባል የክብር መዝሙር ነበረው፤ ግጥሙ በ1886 የተጻፈ። ረጋ ያለ፣ ለአዳራሽና ለስንብት የሚሆን ነው። ሜዳ ላይ አይጮኽም። ዜማው ደግሞ እሱም የራሱ አይደለም፤ ከአንድ የአየርላንድ ተወላጅ አቀናባሪ ኦፔራ የተወሰደ ነው። እናም ዩኒቨርሲቲው ለሐዘኑም ለደስታውም በተውሶ ዜማ ነበር የሚዘምረው።

ለእኛ አገር የስታዲየም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም ደጋፊ የሰሞኑን ተወዳጅ ዘፈን ዜማ ወስዶ ግጥሙን ቀይሮ ይጨፍርበታል። ያምራልም። ጉዳቱ ዘፈኑ ሲያረጅ ጭፈራውም አብሮት ማለፉ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይፈለጋል። ሚሺጋን ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አንደኛው እርምጃ ቶሎ መጻፍ ነበር። ተማሪው ወደ አን አርበር በቀጥታ አልተመለሰም። በኢንዲያና ግዛት ባለችው የትውልድ ከተማው ሳውዝ ቤንድ ወረደ። እንደሚተረከው በእህቱ ቤት ፒያኖ ላይ ዜማውን አወጣ፤ ቀሪውንም በባቡር ላይ ጨረሰው። ስሜቱ እንደ ትኩስ እንጀራ ሳይቀዘቅዝ መሆኑ ነው። ኮሚቴ ቢኖር ገና የመጀመሪያውን ስብሰባ ለመጥራት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

ሁለተኛው የቅርጽ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የማርሹን ዕድሜ የወሰነው ይህ ይመስለኛል።

የዚያ ዘመን የአሜሪካ ማርሽ የታወቀ አካሄድ አለው። መጀመሪያ አጭር መክፈቻ አለ፤ ሰውን የሚያነቃ። ቀጥሎ አንደኛ ክፍል ይመጣል፤ ይደገማል። ሁለተኛ ክፍል ይመጣል፤ እሱም ይደገማል። ከዚያ «ትሪዮ» የሚሉት ይገባል። ትሪዮ ላይ ብዙውን ጊዜ ቁልፉ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት መነሻ ድምፅ፣ ይቀየራል። ዜማውም ሰፋ፣ ዘለግ ይላል። ሰው የሚያፏጨውና ቤቱ ይዞት የሚሄደው እሱን ነው። ጥሩ የማርሽ ደራሲ ምርጥ ዜማውን ለትሪዮ ያስቀምጣል።

ተማሪው ይህን መንገድ ተከተለ። አዲስ ቅርጽ ልፍጠር አላለም። ምቱንም 6/8 አደረገው። በ6/8 ማርሽ ውስጥ እያንዳንዱ ባር፣ ማለትም ምቱ የሚከፈልበት አንድ ክፍል፣ ሁለት እርምጃ ይይዛል፤ ግራ፣ ቀኝ። በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ ደግሞ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉ። እግር በሁለት ይሄዳል፤ ሙዚቃው በሦስት ይወዛወዛል። ወታደራዊ ደረቅነቱ ይቀንሳል፤ ዘለል ዘለል ያደርጋል። የሱዛ «ዋሽንግተን ፖስት» ማርሽ በዚሁ ምት ነው ዳንስ ቤቱን ያጥለቀለቀው።

አሁን ትሪዮውን ቀረብ ብለን እንየው። ግጥሙ የሚጀምረው «ሄይል» በሚል የክብር ጩኸት ነው። ጩኸቱ የባሩ መጀመሪያ ላይ፣ ዘለግ ባለ ኖታ ይወድቃል። ከዚያ ዜማው በደረጃ፣ በአብዛኛው ጎን ለጎን ባሉ ኖታዎች እየተራመደ ሐረጉን ይጨርሳል። ሁለተኛው ሐረግ ምን ያደርጋል? ያንኑ ቅርጽ ይዞ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይደግመዋል። በቃ። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሁለተኛውን ሐረግ ራሱ ይገምተዋል። ሦስተኛው ላይ «ሄይል» ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይመጣል፤ ዜማውም ይወጣል። በአንድ ዙር «ሄይል» ስምንት ጊዜ ይነገራል። ግጥሙን ጨርሶ የማያውቅ እንግዳ እንኳ ቢያንስ እነዚያን ስምንት ቦታዎች አብሮ ይጮኻል።

ሦስተኛው እርምጃ ማርሹን ወደ ሰው ጆሮ ማድረስ ነበር። ተማሪው የፉትቦሉን ወቅት አልጠበቀም። ኤፕሪል 5 ቀን 1899 ተማሪዎች ያዘጋጁት የሙዚቃ ቲያትር ላይ ማርሹ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ የሱዛ ባንድ ለዝግጅት አን አርበር መጣ። ማርሹን ተጫወተው። የዚያ ዘመን ትልቁ ባንድ፣ በማርሽ ንጉሡ መሪነት፣ የአንድ ተማሪን ሥራ በተማሪዎቹ ፊት ተጫወተ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ «የእገሌ ልጅ የሞካከራት ነገር» ብሎ የሚያጣጥል አልተገኘም። በዚያው ዓመት ኖታው ታትሞ ወጣ። የዩኒቨርሲቲው ባንድ ደግሞ ያዘው፤ አልለቀቀውም።

የሠራው ነገር

መጀመሪያ የሠራው ትሪዮው ነው። ለምን እንደሠራ ለመረዳት ሜዳውን ማሰብ ያስፈልጋል። የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ በሁለቱ የጎል መስመሮች መካከል 100 ያርድ ነው፤ 91 ሜትር ገደማ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ለመድረስ ከሩብ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በደቂቃ 120 እርምጃ በሚሄድ ባንድ አንድ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከሜዳው ዳር የሚነፋ ትራምፔት ሌላው ዳር ላለው ሰው ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ይደርሰዋል። የሜዳ ባንድ ልጆችን «አትስማ፣ መሪውን እይ» እያሉ የሚያሠለጥኑት ለዚህ ነው።

በዚህ ሁኔታ የረቀቀ ቅንብር ይታመሳል። ፈጣን ኖታ በፈጣን ኖታ ላይ ይደረብና ጫጫታ ይሆናል። በምቱ ላይ የሚያርፍ ረጅም ኖታ ግን ቢደራረብም ራሱ ነው። «ሄይል» ረጅም ኖታ ላይ መውደቁ ስለዚህ ጠቀመ። ተማሪው ይህን አስልቶ ነው ያደረገው አልልም፤ ለፒያኖ በሚጽፍ ልጅ አእምሮ ውስጥ ከ107 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አልነበረም። ያ ስታዲየም የተከፈተው በ1927 ነው። ማርሹ ግን ስታዲየሙን ጠብቆ የተሠራ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ለአካል ሥራ ሰጠ። በየ«ሄይሉ» ደጋፊው ጡጫውን ወደ ላይ ይወረውራል። ዘፋኝ ያልሆነ ሰው አለ፤ ክንድ የሌለው ግን ብርቅ ነው። መዝሙር የሚወደደው በጉሮሮ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። ማርሹ በበዓል ቀን ብቻ የሚወጣ ዕቃ አልሆነም። ነጥብ ሲቆጠር ይነፋል። ቡድኑ ሲገባ ይነፋል። በሌሎች ስፖርቶችም ይነፋል። አንድ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደሰማው መቁጠር አይችልም። ዜማውን ያስጠናው ማንም አይደለም፤ ብዛቱ ነው ያስጠናው።

የዚህ ውጤት እስከ የት እንደሚሄድ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በ1930ዎቹ ለሚሺጋን የተጫወተ ሰው ነው። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላም ለመሪ የሚነፋውን የክብር ዜማ አስቀርቶ «ዘ ቪክተርስ» እንዲጫወቱለት ይጠይቅ ነበር። በጃንዋሪ 2007 አስከሬኑ ለቀብር ወደ ሚሺጋን ግዛት ሲመለስ የዩኒቨርሲቲው ባንድ ተቀበለው። በዚህ ማርሽም ሸኘው። ለፉትቦል የተጻፈ ዜማ ለቀብር መብቃቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ደራሲውም አልተረሳም። ባንዱ የሚለማመድበት ሜዳ በስሙ ተሰይሟል። አርጅቶ ሳለም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ባንዱን መርቷል።

አንድ የሚያስቅ ውጤት ደግሞ አለ። በአሜሪካ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ማርሽ የላቸውም። ምን አደረጉ? የ«ዘ ቪክተርስን» ዜማ ወስደው የራሳቸውን ስም አስገቡበት። የተውሶ ዘፈንን ሽሽት የተጻፈው ማርሽ ራሱ ለሌላው ተውሶ ሆነ።

ያልሠራው ነገር

የማርሹ ግማሽ ጠፍቷል ብል ብዙም አላጋነንኩም። መክፈቻውን፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን ክፍል የሚያውቅ ከባንዱ ልጆች ውጪ ጥቂት ነው። እነዚህ ክፍሎችም ግጥም ነበራቸው፤ የሚዘምረው ሰው ማግኘት ግን ይቸግራል። ስታዲየም ውስጥ «ዘ ቪክተርስ» ሲባል ከአንድ ደቂቃ በታች የሆነው የትሪዮ ዜማ ማለት ነው። ለደራሲ ይህ ያማል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ግን ከንቱ አይደሉም። ሙሉውን ሲጫወቱት ትሪዮው የሚያበራው እነሱ አስቀድመው መንገዱን ስለጠረጉለት ነው። አድማጭ ግን ለዚህ ትዕግሥት የለውም፤ በሜዳ ላይ ደግሞ ጊዜም የለም።

ሁለተኛው ችግር ከግጥሙ መጣ። የትሪዮው ግጥም የሚዘጋው ቡድኑን «የምዕራቡ ሻምፒዮን» ብሎ ነው። በ1898 እውነት ነበር። የምዕራቡ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ነበራ። በ1907 ግን ሚሺጋን ከኮንፈረንሱ ጋር በደንቦች ጉዳይ ተጣልቶ ወጣ። እዚያው ማኅበር ውስጥ ሳትሆን የማኅበሩ ሻምፒዮን ነኝ እያልክ እንዴት ትዘፍናለህ? የተቃራኒ ደጋፊ ይሥቅብሃል። በ1911 ሁለት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች «ቫርሲቲ» የሚባል ሌላ ዘፈን ጻፉ፤ ስለ ምዕራብም ስለ ኮንፈረንስም የማያነሳ። ሚሺጋን በ1917 ወደ ኮንፈረንሱ ተመለሰ። አሮጌው ማርሽም ወደ ቦታው ተመለሰ። «ቫርሲቲም» አልተጣለም፤ እስከ ዛሬ አብሮ ይሰማል።

ይህን የመፍትሔ መንገድ እወደዋለሁ። ግጥሙን ቆርጠው ሌላ አልለጠፉበትም። ሳያጠፉት ሌላ አዘጋጁ፤ ጊዜው ሲያልፍ የሚመለሱበት ነገር ጠበቃቸው። ከሁሉ በላይ ግን ዜማው ከግጥሙ እውነት በላይ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው ነገር ከበድ ይላል። በ1898 በዚያው አገር «ዘ ስፒሪት ኦፍ ሊበርቲ» የሚባል ማርሽ ወጥቶ ነበር፤ የሌላ ደራሲ ሥራ። መብቱ የተመዘገበው ከ«ዘ ቪክተርስ» በወራት ቀድሞ ነው። የዚያ ማርሽ የትሪዮ ዜማ ከዚህኛው ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ አንድ ነው ለማለት ምንም አይቀረው። ይህን በኋላ ዘመን ያወጡት የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪዎች ናቸው።

ታዲያ ሰረቀ ልበል? አልልም። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ እዚህ አምጡት። የማርሽ ኖታ በየመደብሩ የሚሸጥበት፣ በየፒያኖው የሚመታበት ዘመን ነው። የሰማኸው ዜማ ጆሮህ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ደስ ባለህ ቀን «አዲስ» ሆኖ ይወጣል። ዜማ በሚሠራ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ተማሪው ኖታዎቹ በራሳቸው ቦታ ቦታቸውን እንደያዙለት ተናግሯል። ደራሲ እንዲህ ሲል ሁለት ዓይነት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድም ጸጋ ነው፤ አንድም ትውስታ ነው። ሁለቱ ከውስጥ ሲታዩ አይለዩም። ተማሪው ላይ የምፈርደው በዚህ ልክ ነው፤ ከዚህ አልፌ አልሄድም።

ለዩኒቨርሲቲው ግን ጉዳዩ ብዙም አላስጨነቀውም። መመሳሰሉ ሲታወቅ ማርሹ በትውልዶች አፍ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ማርሽ የሚያውቀው ዛሬ የታሪክ ሰው ብቻ ነው። ፍትሕ ነው? አይመስለኝም። የሆነው ግን ይህ ነው።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ

ከዚህ ጉዳይ ጋር አብሮ የሚነሳ የራሳችን ማርሽ አለ። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ራስ ተፈሪ ማርሽ እንዲያዘጋጅ አዘዙት፤ አዘጋጀ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ጻፈለት። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለው ብሔራዊ መዝሙር የተወለደው እንዲህ ነው።

አነሳሱ ከሚሺጋኑ ፍጹም ይለያል። ያኛው ከታች፣ ከተማሪ መጣ። ይህኛው ከላይ በትእዛዝ መጣ። ያም ሆኖ ሁለቱም ያዙ። ስለዚህ «ትእዛዝ የሆነ ሁሉ ይሞታል» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ አይቻልም። ችግሩ የመጣው እዚህም በግጥሙ በኩል ነው። ሁለተኛው ስንኝ «በአምላክሽ ኃይል በንጉሥሽ» ይላል። ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ መዝሙሩም አብሮ ወረደ፤ በ1975 በሌላ ተተካ። ሚሺጋን በአሥር ዓመት ወደ ኮንፈረንሱ ስለተመለሰ ማርሹ ዳነ። የእኛው የሚመለስበት ዙፋን አልነበረውም።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ለተቋም ማርሽ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ትሪዮውን ይጻፍ። ሕዝቡ የሚይዘው እሱን ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ዘፋኝ ያልሆነ ሰው፣ ቆሞ፣ እየጮኸ፣ ባንዱን በደንብ ሳይሰማ ይዘምረው። ካልሄደለት ይጣል። መክፈቻውንና ሌሎቹን ክፍሎች ከዚያ በኋላ ለሙዚቀኞቹ ደስታ መሥራት ይቻላል።

ግጥም ላይ የዛሬን ሹመት፣ የዛሬን ዋንጫ፣ የዛሬን አባልነት ማስገባት ይቅር። ደስ ይላል፤ አስገባው ብሎ የሚገፋም አይጠፋም። ግን ሹመት ይሻራል፤ ዋንጫ ይወሰዳል። የግድ ከሆነም በሚቀየር ስንኝ ላይ ይሁን እንጂ መዝጊያው ላይ አይሁን። መዝጊያው የሚጮኸው ነው፤ ሲያረጅም የሚያሳፍረው እሱ ነው።

አዲስ ማርሽ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጫወተው ማን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱ ባንድ ደካማ ከሆነ ጥሩ ማርሽ በመጥፎ አጨዋወት ይሞታል። ሱዛን ማምጣት አይቻልም። ግን በአብዛኛው ከተማ ጥሩ የፖሊስ ወይም የሠራዊት ማርሽ ባንድ አለ። ለመጀመሪያው ቀን እነሱን መጠየቅ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል።

ዜማው አልቆ ሲደሰቱበት ደግሞ ለብዙ የሙዚቃ ጆሮዎች ማሰማት ጥሩ ነው፤ በተለይ ለአሮጌ ባንደኞች። «ይህን የት ነው የማውቀው?» የሚል ከተገኘ ሳይታተም ይሻላል። ዛሬ መመሳሰልን ለማግኘት መቶ ዓመት አይፈጅም፤ ዩቲዩብ ላይ በወጣ በማግስቱ አስተያየት መስጫው ላይ ይለጠፋል።

ስለ 6/8 አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። እኛ ለዚህ ምት እንግዶች አይደለንም። ጭቅጭቃ በሦስት ሦስት የሚወዛወዝ ነው፤ ጆሯችን ከልጅነት ያውቀዋል። በአምስት ኖታ ቅኝት የተሠራ፣ በ6/8 የሚሄድ ማርሽ እዚህ ቢጻፍ ሕዝቡ ቶሎ የሚይዘው ይመስለኛል። የሚያሰጋኝ እግር ነው። የጭቅጭቃ ድምቀት የሚያርፍበት ቦታ ትከሻን ያነሳል፤ ሰልፈኛ ደግሞ ትከሻው ሲነሳ እርምጃው ይሰበራል። ስለዚህ ትልቁ ከበሮ ከሁለቱ እርምጃ ንቅንቅ አይበል፤ ግራ፣ ቀኝ። ጭቅጭቃውን ትናንሾቹ ከበሮዎችና ሲምባሉ ይያዙት። ሱዛፎኑም፣ ትከሻ ላይ የሚታዘለው ትልቁ የወፍራም ድምፅ ነፊ መሣሪያ፣ ከትልቁ ከበሮ ጋር ይሂድ። ልምምዱን ቆሞ ሳይሆን እየሄዱ መጀመር ያስፈልጋል፤ ቆሞ ያማረ ማርሽ እየተራመዱ ሲሞክሩት የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው።